ሰባት ጽሕፈት ቤት፣ አንዲት ጸሐፊ

ጎጃም የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። ስመለስ የሰፈሬ ሰዎች «ጮቄን አየኸው? ዓባይስ እንዴት ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጥቼ ነበር። ያየሁት በአብዛኛው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ፣ ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤ፣ በመጨረሻም አንድ ጤና ኬላ። ይህን የምጽፈው ወደዚያ የመሄድ ዕድል ለማይገጥማቸው ነው፤ በተለይ ለድሬዳዋ ዘመዶቼ። እነሱ በጥር ጠዋት አንሶላ ደርበው «ብርድ ገደለን» የሚሉ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። አዲስ አበባ በአንድ የጥናት ቢሮ ተቀጥሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ምን ያህል ተቀናጅተው እንደሚሠሩ እለካ ነበር። የምለካው በዓይኔ አይደለም፤ በኮምፒዩተር ነው። የየወረዳው ጽሕፈት ቤቶች የሚጻጻፉትን ሁሉ ሰብስበን እናስገባለን፣ ፕሮግራሙ ያነባል። የውሃውና የጤናው ጽሕፈት ቤት ስለ አንድ ጉዳይ በተመሳሳይ ቃላት ካወሩ፣ አንዱ የሌላውን ስም ደጋግሞ ካነሣ፣ «ተቀናጅተዋል» ብሎ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ያን ሁሉ ሺህ ገጽ ሰው ተቀምጦ አያነበውም፤ ማሽን ግን አይደክመውም፣ ለዘመድም አያዳላም። ይህን በየስብሰባው ስናገር ከሰሚዎቼ ይልቅ የማምነው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ባወጣነው ሠንጠረዥ ከሁሉ በላይ የተቀመጠችው አንዲት የጎጃም ደጋ ወረዳ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ እንጀራቸውን የሚበሉት እዚያው ነው። ነጥቧ ሌሎቹን በጣም ከመብለጡ የተነሣ አለቃዬ ዶክተሩ ጠርቶኝ «ሂድና ምስጢራቸውን ጠይቅ፣ ለሌሎቹ ማስተማሪያ እናደርገዋለን» አለኝ። ሠንጠረዡን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ደረቴን ነፍቼ ተነሣሁ።

እሑድ

በማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣን። ላፕቶፔን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ነበር የተቀመጥኩት። ከጎኔ የነበሩት እናት ከእንጦጦ የቀዱትን ጠበል በቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። ዓባይ በረሃ መጠምዘዣው ላይ አውቶቡሱ ፍሬን ሲይዝ የጀሪካኑ ክዳን ተፈናጠረና ጠበሉ ጭኔ ላይ ተገለበጠ፤ ጭኔ ላይ ደግሞ ላፕቶፑ አለ። እኔ ስጮህ እሳቸው በነጠላቸው እየጠራረጉ «አይዞዎት ልጄ፣ ጠበል እኮ ነው፣ ምንም አያደርገውም» ይሉኛል። ከኋላ አንዱ «ክርስትና ተነሣ» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እስላም መሆኔን ብነግራቸው ሳቁ ይብስ ነበር። የሚገርመው ላፕቶፑ ምንም አልሆነም።

በረሃው ግርጌ ሙቀቱ የድሬ ሆነልኝ፤ ጃኬቴን አውልቄ እፎይ አልኩ። ደስታዬ ድልድዩን እስክንሻገር ነበር። ሽቅብ ስንወጣ ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ፣ ደጀን ላይ ሹራብ ጨመርኩ፣ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ በሻንጣዬ የቀረው ፎጣ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። የአልቤርጎዋ ባለቤት ገና ሲያዩኝ ሳልጠይቃቸው ሦስተኛ ብርድ ልብስ አመጡ። ድሬ ላይ ለእንግዳ ደግነት ማለት ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እዚህ ብርድ ልብስ ነው።

ስለ ምግብ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ክርስቲያን ያረደውን አልበላም፤ ይህንንም ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያሳፍረኛል። ደግነቱ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ሽሮ ላይ ስለሆነ እኔም ሳልጠየቅ ከጿሚዎቹ ጋር ተመሳስዬ አለፍኩ።

ሰኞ

ወረዳው ዘንድ የሚያደርሰኝን የትብብር ደብዳቤ ለማግኘት ከአንዱ ከፍ ያለ መሥሪያ ቤት ደጅ ስጠና ረፈደ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ዘበኛው ስንቀጠቀጥ አይተው አግዳሚ ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ፀሐይ ያለበት ቦታ አስቀመጡልኝና «ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሆነ ባላውቅም ምሳ ሲደርስ ያልቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቁይ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ፤ መለዋወጫውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ ሌላ መኪና እስኪያስቆም ከገብስ ማሳ ዳር ቆመን ነፋሱን ጠጣን። ድሬ ላይ እንዲህ ቢሆን አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ግማሹ ወርዶ በባጃጅ ይሄዳል። እዚህ ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ዝም አለ። ዝምታውን መጀመሪያ ትዕግሥት መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳየው፣ ብዙ ጊዜ ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ዝምታ መሰለኝ።

ቁይ ላይ ምሳ የሰጠችኝ ሴት ሽሮዬን ስጨርስ «ወንድማለም፣ ብርዱ አክስቶዎታል» ብላ ሳላዝዝ ደግማ ጨለፈችልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠንጠረዤ አናት ላይ ያስቀመጥኳት ወረዳ ከተማ ገባሁ።

ማክሰኞ

ጽሕፈት ቤቶቹ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ጤና፣ ውሃ፣ ትምህርት፣ ግብርና ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይለዋል። ይህን ሳይ ማሽኔ አልዋሸም ብዬ ደስ አለኝ። የመጣሁበትን ስናገር አንዱ ኃላፊ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «ደብዳቤ ከሆነ የሚፈልጉት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ነው» አለና ወደ ግቢው መጨረሻ ጠቆመኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የወረዳው ጸሐፊ ናቸው፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ።

«የየትኛውን ጽሕፈት ቤት ነው የሚፈልጉ?» አሉኝ።

«የሁሉንም።»

«እንግዲያ ደርሰዋል» አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

በየቢሮው ኮምፒዩተር አለ፤ የዳንቴል ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። የሚሠራው የሳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰባቱንም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤና ሪፖርት የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። እንዴት እንደሚጽፉ አሳዩኝ ስላቸው «ዋናው» የሚል ፋይል ከፈቱ። አንድ ደብዳቤ ነው። «ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመቀናጀት» ይላል፣ «ባለድርሻዎችን በማሳተፍ» ይላል፣ «በትኩረት እየተሠራ ይገኛል» ይላል።

«ኃላፊዎቹ ይመጡና ‹ጥሩዬ፣ ያችን ያለፈችውን አድርጊልኝ› ይሉኛል» አሉ። «ያለፈችውን አደርጋለሁ። ጤና ያለውን ውሃ፣ ውሃ ያለውን ትምህርት አደርግና ቀኑን እቀይራለሁ። ሰባት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ እኔ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ግልባጩስ?» አልኳቸው። የእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ለስድስቱም ጽሕፈት ቤቶች ግልባጭ እንደተላከ ይዘረዝራል። ፕሮግራሜ ከሁሉ አብልጦ ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ዝርዝር ነው።

«አንዱን ከጻፍኩ ሌላው ይቀየማል። አንድ ጊዜ የትምህርቱን ረሳሁ፤ ሰውየው ወር ሙሉ ሰላም ነሣኝ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነው። ድግስ ተጠርቶ ጎረቤት ይዘለላል እንዴ?»

«ግልባጩን ያነቡታል?»

ተነሥተው መዝገብ ቤቱን ከፈቱልኝ። ፖስታዎቹ ሳይቀደዱ፣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም እየተመታባቸው፣ በየዓመቱ ታስረው ተደርድረዋል። ከአንዱ ክምር ላይ ድመት ተኝታለች። እኔ በአገሪቱ አንደኛ ብዬ ያወጣሁት ቅንጅት የአንዲት ሴት ጣት ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊቴን አይተው «ምነው፣ ጥፋት ሠራሁ?» አሉኝ። «እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» አልኳቸውና ግቢው ውስጥ ወጥቼ ቆምኩ።

ስመለስ አንዲት ወጣት ሴት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። «ይታይሽ ትባላለች፣ የላይኛው ቀበሌ የጤና ባለሙያ ናት» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ዛሬም ያችኑ ነው?»

«ዛሬም ያችኑ ነው፣ እትዬ። ውሃ።»

ደብዳቤዋ አጭር ነበር። ጤና ኬላው ውስጥ ውሃ የለም ይላል፣ እናቶች የሚወልዱበት ነው ይላል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በወረዳው ሰነድ ውስጥ አንድም ጊዜ አንብቤ አላውቅም፤ ማለት ማሽኔ አላነበበም፤ በእጅ የተጻፈ የቀበሌ ወረቀት አይገባለትም። ነገ ስትወጪ አብሬሽ ልምጣ አልኳት። ጫማዬን አየችና «ይችላሉ?» አለችኝ።

ረቡዕ

አልቻልኩም። ይታይሽ፣ መሪጌታ ላቀው ከሚባሉ የቀበሌዋ ሰው የተዋሰችውን ፈረስ ይዛ ነበር የወረደችው፤ ግማሽ መንገድ ስደርስ ትንፋሼን ሰምታ ፈረሱ ላይ አስቀመጠችኝ። እሷ የመድኃኒት ካርቶን ተሸክማ በእግሯ፣ እኔ ወንዱ በፈረስ። እፍረቴ ብዙ አልቆየም፤ ቁልቁለቱ ላይ ኮርቻው ሲንሸራተት ከነፎጣዬ ድንች ማሳ ውስጥ ወረድኩ። ማሳው ላይ የነበሩት ሰዎች ሮጠው አነሡኝ፣ አፈሩን አራገፉልኝ፣ ቁርሳቸውን ድንች በሚጥሚጣ አካፈሉኝ። ድሬ ብሆን በዚህ ታሪክ ዓመት ሙሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንዱን ተረተር ስናልፍ ገብስ መሃል ቦኖ ውሃ ቆሞ አየሁ። ሲሚንቶው አዲስ ነው፣ ቧንቧዎቹ አራት ናቸው፣ በዙሪያው ቤት የሚባል የለም። በሩ በቁልፍ ተቆልፏል።

«ይኸ የማን ነው?»

«የትምህርት ቤቱ ነበር» አለች ይታይሽ። «ትምህርት ቤት እዚህ ይሠራል ተብሎ ውሃዎች ቧንቧ አመጡ። ትምህርቶች ደግሞ ቦታውን ቀይረው ታች ሠሩ። ለእኔ ጤናዎች ኬላውን ከወዲያኛው ተረተር ላይ ሠሩልኝ። ውሃው አለ፤ ቢከፈት ይፈሳል። የሚከፍተው ኮሚቴ ገና አልተቋቋመም።»

ከቦኖው እስከ ጤና ኬላዋ ያለው ቀጥ ያለ አንድ ተረተር ብቻ ነው። ሦስቱ ኃላፊዎች በየቀኑ ግቢው ውስጥ «ይማርህ» የሚባባሉ ናቸው።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ነው፤ እንደ ዓይን ብሌን የምትጠብቀው መሆኑ ያስታውቃል። የማዋለጃ አልጋው ላይ የታጠበ ጨርቅ ተነጥፏል። ለተራ ጠባቂዎች ትምህርት ቤቱ ያዋሳት አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳው ሥር አሉ። ደጃፉ ላይ ባዶ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ቤተሰቧ ከታችኛው ምንጭ ውሃ ቀድቶ ይዞ ነው የሚመጣው። ያልያዘ ከመጣ ይታይሽ ሴትየዋን ጥላ ትወርዳለች፣ ወይም ባልየው ይወርዳል።

«አምና አንድ ፕሮጀክት ከቦኖው ጋር ሊያገናኘው ነበር» አለችኝ። «መሐንዲሶች መጥተው ለክተው ሄዱ። ጽሕፈት ቤቶች ተግባብተው መሥራት ያቃታቸውን ወረዳዎች ያግዛል ተባለ። ኋላ ሰረዙን። የእናንተ ወረዳ በቅንጅት አንደኛ ነው፣ እገዛ አያስፈልገውም አሉ። በኮምፒዩተር ታይቶ ነው አሉ።»

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም። ጀሪካኖቹን ስቆጥር ቆየሁ።

ማደሪያዬ መሪጌታ ላቀው ቤት ሆነ። እሳቸውን «አንተ» አልኳቸው። እኛ ድሬዎች ለአባታችንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ሦስት ቀን ሙሉ በ«እርስዎ» ምላሴን ጠብቄ ከመሪጌታው ፊት አመለጠኝ። ይታይሽ ደነገጠች። መሪጌታ ግን «ግድ የለም፣ እኛም እግዚአብሔርን አንተ ነው የምንለው» ብለው ሳቁ። ስሜን ሲሰሙ እስላምነቴን አወቁ፤ ምንም ሳይሉ ንጹሕ አጎዛ ከጓዳ አስወጥተው ጥግ ላይ አነጠፉልኝና «ወደየት ነው የምትዞሩት?» ብለው ራሳቸው ዕቃውን ከመንገዴ አነሡ። በሕይወቴ ያን ያህል የከበረ ቦታ ላይ ሰግጄ አላውቅም። ያን ያህል ያፈርኩበትም የለም።

ሐሙስ

ጠዋት ከይታይሽ ጋር ምንጩ ድረስ ወርጄ አንድ ጀሪካን ተሸከምኩ። አንዱን ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ አረፍኩበት። ስንደርስ መሪጌታም ደጃፉ ላይ ነበሩ። እዚያው፣ ሁለቱም እያሉ፣ ተናዘዝኩ። ኮምፒዩተሩ የኔ ነው፣ አንደኛ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ ያሰረዝኳችሁ እኔ ነኝ አልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህብኝ በተሻለኝ።

«ታዲያ መልሶ ሊጽፈን ይችላል?» ብቻ አለችኝ።

«እጽፋለሁ። እውነቱን እጽፋለሁ።»

መሪጌታ ግን «እውነትን ብቻዋን አትላክ ልጄ፤ ምን እንድታደርግ እንደምትሄድም አብረህ ንገራት» አሉኝ። የቅኔ ሰው አነጋገር መስሎኝ አደነቅኩት እንጂ አልሰማኋቸውም።

ወረዳው ከተማ ወርጄ ስልክ እንዳገኘሁ ለዶክተሩ ደወልኩ። ሠንጠረዡ ስሕተት ነው አልኩት። እሱ ግን ሠንጠረዡ እንደጸደቀ፣ በሱ መሠረት ሌላ ውሳኔ እንደተወሰነ፣ አንድ ወረዳ ከወጣ ሁሉም እንደሚናድ በለዘብታ አስረዳኝ። «የግል አስተያየትህን ለወረዳው መጻፍ ትችላለህ» አለኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድኩና ራሴ ቃሉን እየነገርኳቸው እሳቸው ደብዳቤውን ጻፉት። «ዋናው» የሚለውን ፋይል እንዳይከፍቱ ለመንኳቸው። የቦኖውን፣ የተረተሩን፣ የጀሪካኖቹን ነገር አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። መጨረሻው ላይ «ይህ ጤና ኬላ ውሃ ስለሌለው ለእናቶችና ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ ጽሕፈት ቤቶቹም በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልተቀናጁም» አልኩ።

ጣታቸው ቆመ። «ይህችን አደገኛ የምትለዋን ብንተዋትስ? እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ቧንቧው ይቀጠል ብቻ ብንል።»

«አይሆንም» አልኩ። «ለስላሳ ቃል ነው እዚህ ያደረሰን።» ተቆጥቼ ነበር፤ በራሴ ላይ የነበረኝን ቁጣ ደብዳቤው ላይ ተወጣሁት። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ግልባጭ ለሁሉም አደረጉ፤ ፖስታዎቹን ግን ራሴ በየቢሮው ይዤ ገብቼ፣ ዓይኔ እያየ ካልቀደዳችሁ አልሄድም ብዬ አስነበብኳቸው። ሁሉም አነበቡ። ሁሉም አመሰገኑኝ።

ዓርብና ከዚያ ወዲህ

ስመለስ ስለ መንገዱ የማስታውሰው የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለስንቅ የሰጡኝ ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ደርቆ አዲስ አበባ ገባ። ዓባይ በረሃ ሙቀቱ ሲመጣ ጃኬቴን እንኳ አላወለቅሁም።

ከወራት በኋላ፣ በመጋቢት፣ ይታይሽ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ስሰማ ውሃው የገባ መስሎኝ «እንኳን ደስ አለሽ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ደብዳቤዎን አንብበውታል» አለችኝ። «ማክሰኞ ሁሉም በአንድ መኪና በዙሪያ መንገድ መጡ። ጤናዎች አልጋውን ጫኑ፣ ትምህርቶች ወንበሮቻቸውን ጫኑ፣ አስተዳደሩ ቁልፉን ተቀበለኝ። ለእናቶች አደገኛ መሆኑ በባለሙያ ስለተረጋገጠ ተዘግቷል አሉ። እስከ ምሳ ጨረሱት። እኔን ታች ከተማ መድበውኛል።»

«እናቶቹስ?»

«እነሱም ታች ነው የሚወርዱት። መድረስ ከቻሉ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እርስዎ ግን ይዘጋ ብለው አይደለም የጻፉት?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ወላሂ አይደለም።»

«እኔም ለሰዉ እንደዚያ ብያለሁ» አለች። «አላመኑኝም።»